ባርኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው

ይህ ምልልስ በሁለት ሰዎች አፍ የተቀመጠ ክርክር ነው። አንደኛዋ በሐይቅ ከተማ ሸቀጥ የምትሸጥ ባለሱቅ ናት፤ ሌላው ውጫሌ ላይ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ የአምባሰል ሰው ናቸው። ሁለቱም ጸሐፊው ለክርክሩ ሲል ያቆማቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ግን በየሱቁ በር የሚነሡ፣ መልስም የሚገባቸው ናቸው።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ደንበኞቼ ዕቃ ሲያነሡ ከዋጋው በፊት ጀርባውን ገልብጠው ከመስመሮቹ ሥር ያለውን ቁጥር ማየት ጀምረዋል። በስልክ የሚዞር መልእክት አለ፤ «በ690 የሚጀምረው የቻይና ነው፣ አትግዙ፤ በ628 የሚጀምረው የሳዑዲ ነው፤ በ869 የሚጀምረው የቱርክ ነው» ይላል። ብስኩቱም ሳሙናውም የሚመዘነው በዚህ ሆኗል። እኔም ቁጥሩን እያሳየሁ «ይኸው፣ ቱርክ ነው» ብዬ የምሸጥበት ጊዜ አለ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህ ቁጥር የሚለው ምንድን ነው?

መምህሩ፦ እታለም፣ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የዚህ ድርጅት የዚህ ዕቃ መጠሪያ እኔ ነኝ» ይላል። የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደሚበላሽ፣ ስንት እንደሚሸጥ አይናገርም። አሠራሩን ልንገርሽ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ብራስልስ የሆነ ጂ ኤስ ዋን የሚባል ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ፤ ከ110 በላይ አባል ማኅበራት በየአገሩ አሉት። ለእያንዳንዱ አባል የመነሻ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ለኬንያው 616፣ ለግብፁ 622፣ ለሳዑዲው 628፣ ለኤምሬቶቹ 629፣ ለቱርኩ 868 እና 869፣ ለሕንዱ 890፣ ለቻይናው ከ690 እስከ 699። አንድ ፋብሪካ ወይም ነጋዴ ከእነዚህ ማኅበራት በአንዱ ይመዘገብና ክፍያውን ከፍሎ የራሱን ቁጥር ይረከባል። ከዚያ በኋላ ዕቃዎቹን ራሱ ይቆጥራል፤ የግማሽ ኪሎው ማሸጊያ አንድ ቁጥር፣ የአንድ ኪሎው ሌላ ቁጥር ያገኛል። የመጨረሻዋ፣ 13ኛዋ አሐዝ፣ የሌሎቹ መቈጣጠሪያ ናት። አንዳንዱ ሰው «የመጀመሪያዎቹ 3 አገር፣ ቀጥሎ ያሉት 4 ኩባንያ፣ ቀጥሎ ያሉት 5 ዕቃ ናቸው» እያለ ቁጥሩን በዓይኑ ሊቆርጠው ይሞክራል። አይሆንለትም። ብዙ ዓይነት ዕቃ ለሚያመርት ድርጅት አጭር መለያ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ዓይነት ላለው ረጅም ይሰጠዋል። ስለዚህ ኩባንያው የት ላይ አብቅቶ ዕቃው የት ላይ እንደሚጀምር የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ብቻ ነው።

ባለሱቋ፦ እንግዲያው መልእክቱ ምኑ ላይ ተሳሳተ? 690 የቻይና መሆኑን እርስዎም አሁን ነገሩኝ።

መምህሩ፦ ቁጥሩን የሰጠው የቻይናው ማኅበር መሆኑን ነው የነገርኩሽ። አማ የሚል ታርጋ የለጠፈ አይሱዙ በሱቅሽ በር ሲያልፍ አማራ ክልል ተሠራ አትይም፤ እዚህ ተመዘገበ ነው የምትይው። የባርኮዱ መነሻም እንዲሁ የምዝገባ ነገር ነው። ኢስታንቡል የተመዘገበ ድርጅት ዕቃውን ግብፅ ወይም ሕንድ አሠርቶ በራሱ 869 ሊያሽገው ይችላል። የቻይና ፋብሪካ ለዱባይ ነጋዴ ሳሙና ቢሠራለት በማሸጊያው ላይ የሚታተመው የነጋዴው 629 ነው፤ ምክንያቱም የምርቱ ስም ባለቤት ነጋዴው ነው። አንድ ድርጅት ከራሱ አገር ውጭ ባለ ማኅበር እንዳይመዘገብም የሚከለክለው የለም። ጂ ኤስ ዋን ራሱ የመነሻ ቁጥሩ የምርቱን ምንጭ እንደማያመለክት በግልጽ አስታውቋል። ሌላ ማስረጃ ከፈለግሽ ደሴ መጻሕፍት መደብር ግቢና ማንኛውንም አዲስ መጽሐፍ ገልብጪው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በ978 ይጀምራል። 978 የሚባል አገር ግን የለም፤ ለመጻሕፍት የተመደበ መነሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም የመጽሐፍ መለያው ራሱ 13 አሐዝ ሆኗል። መጽሔቶች ደግሞ 977 አላቸው። የመነሻው ቁጥር የተሠራበት አገር ቢሆን ኖሮ መጻሕፍት ሁሉ ካርታ ላይ በሌለ አገር ታተሙ ማለት ነበር።

ባለሱቋ፦ ይህስ ገባኝ። ግን ጋሼ፣ በ690 ከሚጀምሩት ብዙዎቹ ቻይና የተሠሩ አይደሉም እንዴ? ደንበኛዬ ከአሥር ዘጠኙን ከገመተ በቂው ነው፤ ፍርድ ቤት አልቀረበ።

መምህሩ፦ ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ አላልፈውም። በ690 ከሚጀምሩት ብዙዎቹ ቻይና የተሠሩ መሆናቸውን እኔም አልክድም። ችግሩ ሰውየው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ መሆኑ ነው። «በ690 ከጀመረው ውስጥ ስንቱ የቻይና ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህ በ690 ስላልጀመረ የቻይና አይደለም» ብሎ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። ለዚህኛው ግምት ምንም መሠረት የለውም፤ በሌላ አገር ስም የሚሸጥ የቻይና ምርት ስፍር ቁጥር የለውምና። ስለዚህ መልእክቱን የሚከተል ሰው ምንጩን ሳይደብቅ በራሱ ቁጥር የሸጠውን ፋብሪካ ይቀጣል፤ ምንጩን ሊሰውር ያሰበውን ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ከዚያም በላይ የሚያስቆጨኝ ሰውየው ቁጥሩን ሲያጠና እዚያው ማሸጊያ ላይ በፊደል የተጻፈውን መዝለሉ ነው። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃ መግለጫ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሯል፤ የተሠራበት አገር፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ጊዜ ከእነዚያ መካከል ናቸው። የተሠራበት አገር ያልተጻፈበት ዕቃ ሲገጥምሽ የምትጠራጠሪው በዚያ ነው። ባርኮዱ ውስጥ መልስ ብትፈልጊ የለም።

ባለሱቋ፦ ሐላል መሆኑንስ? ወላሂ፣ ከዋጋ ቀጥሎ የምጠየቀው እሱን ነው። «ይህ ቁጥር የአሳማ ስብ አለበት ማለት ነው» እያሉ የሚያሳዩኝም አሉ።

መምህሩ፦ ለዚያ የተመደበ አሐዝ የለም። ቁጥሩን የሚሰጠው አካል የብስኩቱን ቅባት አያይም፤ አይመረምርምም። ሐላል የሚያሰኘው የመሰከረው አካል ስምና ምልክት ሲሆን ለብቻው ነው የሚታተመው። የተሠራበት ነገር ዝርዝርም በፊደል ይጻፋል። ዋጋም እንደዚሁ ነው። ይህ ዓይነቱ የመስመር ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቅ ውስጥ የተነበበው በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት ነው፤ ቀኑ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974፣ በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር፤ ደርግ ሊቋቋም 2 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ዕቃው የሪግሊ ማስቲካ ባለ 10 እሽግ፣ ዋጋው 67 ሳንቲም ነበር። ያ 67 ግን መስመሮቹ ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ መስመሮቹን አንብቦ ቁጥሩን ለሱቁ ኮምፒውተር አቀበለ፤ ዋጋውን ከመዝገቡ ያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ያለ ሱፐርማርኬት ዋጋ ሲጨምር ማሸጊያውን አይነካም፤ መዝገቡን ይቀይራል። በ2 የሚጀምር ቁጥር ደግሞ ሱቆች ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት የተተወ ነው፤ ሥጋና አይብ መዝነው የሚለጥፉት እሱን ነው። ያው ቁጥር ሌላ ሱቅ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ያለ መዝገቡ ዝም ያለ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ባለሱቋ፦ የመጨረሻዋ አሐዝ መቈጣጠሪያ ናት ብለውኛል። እንግዲያው በእሷ ፎርጅዱን ከትክክለኛው መለየት አልችልም?

መምህሩ፦ ምን እንደምትቈጣጠር እንይና ራስሽ ትፈርጃለሽ። ከኢትዮጵያ የመጽሐፍ መለያዎች አንዱን ልውሰድ፤ 978 ብሎ 99944 ይላል። የአሳታሚውንና የመጽሐፉን ቦታ ለምሳሌ ያህል በዜሮ ልሙላው፤ 978999440000 ሆነ፣ 12 አሐዝ። አሁን 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን እያልሽ አንድ አንድ እየዘለልሽ ደምሪ፤ 9፣ 8፣ 9፣ 4 እና ሁለት ዜሮ፣ 30 ይመጣል። የቀሩትን ደምሪ፤ 7፣ 9፣ 9፣ 4 እና ሁለት ዜሮ፣ 29። ይህን 29 በ3 አባዢው፤ 87። ከ30 ጋር 117። ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር፣ ወደ 120፣ ለመድረስ 3 ይጎድላል። 13ኛዋ አሐዝ 3 ናት። ጠቅላላው ሁልጊዜ ለ10 እኩል መካፈል አለበት። ካልተካፈለ ማሽኑ ይተፋዋል፤ ወይ መስመሩ ተፍቋል፣ ወይ ሰው በእጁ ሲያስገባ ስቷል።

ይህን ስሠራ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ትዝ ይለኛል። የ2018ን ዓመት ለማስላት 5500 ተደምሮበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ተካፍሎ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30። በየትኛውም ዓመት እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ። ድምሩ 30 ካልመጣ ተማሪው ስሌቱ ላይ መሳቱን ያውቃል፤ መምህሩን ሳይጠራ ራሱን ያርማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ላለ ሰው የባርኮዱ መቈጣጠሪያ አሐዝ ባዕድ ነገር ሊሆንበት አይገባም፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ዘዴውን ወዲያው ይቀበለዋል።

ባለሱቋ፦ የእናንተን ቤት ሒሳብ አላውቀውም ጋሼ፤ የባርኮዱ ግን ገብቶኛል። ድምሩ ለ10 ከተካፈለ ዕቃው እውነተኛ ነው ማለት ነው እንግዲህ?

መምህሩ፦ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ያንንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። አንድ አሐዝ ብቻ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ይያዛል። ሁለት ጎረቤት አሐዞች ቦታ ከተለዋወጡም አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል፤ ቅድም ባየነው ቁጥር 78 የሚለውን 87 ብታደርጊው ድምሩ ከመቈጣጠሪያዋ ጋር 122 ይመጣልና ይነቃበታል። ነገር ግን በ99944 ውስጥ የመጨረሻውን 9 እና የመጀመሪያውን 4 አለዋውጪና 99494 በዪው። የመጀመሪያው ረድፍ 35 ይሆናል፤ ሁለተኛው 24 ሆኖ በ3 ሲባዛ 72፤ አንድ ላይ 107፤ መቈጣጠሪያዋ 3 ስትጨመር 110። ለ10 እኩል ተካፈለ፤ ስሕተቱ አለፈ። ልዩነታቸው 5 የሆኑ ጎረቤቶች፣ 4 እና 9፣ 1 እና 6፣ 3 እና 8 የመሳሰሉት፣ ቢለዋወጡ ይህ ዘዴ አያያቸውም። እንግዲህ በስንፍና ለሚሳሳት እጅ እንኳን ቀዳዳ አለው። ሆን ብሎ የሚያጭበረብረውማ ምን ይቸግረዋል? የእውነተኛውን ማሸጊያ ፎቶ አንሥቶ ከነቁጥሩ ያትመዋል፤ መቈጣጠሪያዋ አሐዝም አብራ ትገለበጣለች።

ባለሱቋ፦ ሌላም አለ፤ እንዳይቀየሙኝ። ባርኮድ ላይ 666 አለ፣ የአውሬው ቁጥር ነው ብለው ዕቃውን የሚተዉ ክርስቲያን ደንበኞች አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መምህሩ፦ ለምን እቀየማለሁ? ሰው ለእምነቱ መጠንቀቁ የሚከበር ነው፤ ስለዚህ የሚገባቸው ትክክለኛ መልስ ነው። ባርኮዱን ቀረብ አድርገሽ እዪው። መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ላይ ከሌሎቹ ወደ ታች የረዘሙ ሁለት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ስጋቱ የመጣው ከእነሱ ነው። በቀኝ በኩል 6 ሲጻፍ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይዞ ስለሚታይ፣ ሦስቱ ጥንዶች ሦስት ስድስት መሰሉ። አጠቃላይ ስፋቱ ግን 95 እኩል ክፍል ነው። እያንዳንዱ አሐዝ 7 ክፍል ይወስዳል፤ ሁለት ጥቁር መስመርና ሁለት ነጭ ክፍተት አለው። በግራ 6 አሐዝ 42፣ በቀኝ 6 አሐዝ 42። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥንዶች 3፣ 3 ክፍል ብቻ ናቸው፤ የመካከለኛው 5። ሲደመሩ 95። በ3 ወይም በ5 ክፍል 6ን መጻፍ አይቻልም፤ 6 በቀኝ በኩል ሁለቱን መስመሮቹን ተከትሎ 4 ክፍል ነጭ ሜዳ ያስፈልገዋል። ጥንዶቹ ለማሽኑ «እዚህ ጀምር፣ መካከሉ ይህ ነው፣ እዚህ አብቃ» የሚሉ ድንበሮች ናቸው እንጂ አሐዝ ሆነው አይነበቡም። አሠራሩን በአይ ቢ ኤም የነደፈው ጆርጅ ሎረርም በሕይወት ሳለ ይህን ተጠይቆ መመሳሰሉ አጋጣሚ መሆኑን መልሷል። በዚሁ ቆጠራ ሌላም ነገር ታያለሽ፤ በግራ 6፣ በቀኝ 6፣ ጠቅላላ 12 አሐዝ ብቻ ነው የተሠመረው። የቀረው አንዱ፣ በግራ ጥግ ለብቻው የቆመው የመጀመሪያው አሐዝ፣ የራሱ መስመር የለውም። የግራዎቹ ስድስቱ አሐዞች እያንዳንዳቸው በሁለት ዓይነት አሣሣል ሊጻፉ ይችላሉ፤ ማሽኑ የትኛው በየትኛው እንደተሣለ አይቶ የመጀመሪያውን ያውቀዋል። ይህን የመሰለ ብልኃት ሳደንቅ እኖራለሁ።

ባለሱቋ፦ እሺ፤ አገር አይናገር፣ ዋጋ አይናገር፣ ፎርጅድ አይለይ። እኔ ደግሞ ማንበቢያ ማሽን የለኝም። እንግዲህ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ምን ሊረባው ነው?

መምህሩ፦ እስካሁን የነገርኩሽ የማይችለውን ነው፤ ከዚያ ተነሥተሽ ከንቱ ነው እንዳትዪ እፈራለሁ። ስም ትልቅ ነገር ነው። ውጫሌ ገበያ ላይ አንድ የአምባሰል ገበሬ ማር ሲሸጥ ቁጥር አያስፈልገውም፤ ገዢው ሰውየውን ያውቀዋል፣ ማሩ ስኳር ከተቀላቀለበት በሚቀጥለው ገበያ ይጠይቀዋል። ከሐይቁ የወጣ ዓሣም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሸጠው። ያው ማር በጠርሙስ ታሽጎ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ግን ገዢውና ሻጩ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው አምስት ስድስት እጅ አለ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የአምራች ቁጥር የሌለውን የታሸገ ዕቃ መዝገባቸው ውስጥ ማስገባት ስለማይፈልጉ ማሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ብዙውን ጊዜ አይቀበሉትም። የአምባሰል ገበሬዎች ማኅበር በራሱ ስም የተመዘገበ ቁጥር ካለው የማሩ ስም የእነሱ ሆኖ ይጓዛል። በነጋዴ ቁጥር ከወጣ ግን ገዢው የሚያውቀው ነጋዴውን ነው፤ ነገ ነጋዴው ማሩን ከሌላ ቦታ ቢሞላው እንኳን ቁጥሩ አይለወጥም። እኔ የምቆረቆረው እዚህ ላይ ነው። የሌላውን አገር መነሻ ከማደን ይልቅ የራሳችን አምራች በማን ስም እንደሚመዘገብ ብንጠይቅ ይሻለን ነበር።

ሁለተኛው ጥቅም መድኃኒት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 የመድኃኒት ክትትል መመሪያ አውጥቷል። በመድኃኒት ካርቶን ላይ መስመር ሳይሆን ጥቃቅን ነጠብጣብ የሞላበት ትንሽ አራት ማዕዘን ታያለሽ፤ ዳታ ማትሪክስ ይሉታል። ከጎኑ በቅንፍ የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ። ከ01 በኋላ የምርቱ መጠሪያ ይመጣል፤ ከ17 በኋላ የሚያበቃበት ቀን፤ ከ10 በኋላ አብሮ የተመረተበት ዙር፤ ከ21 በኋላ የዚያች የአንዲቷ ካርቶን የብቻዋ ቁጥር። ቀኑ ዓመቱን አስቀድሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 270531 ብታዪ ሜይ 31 ቀን 2027፣ በእኛ ግንቦት 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህ ከብስኩቱ ባርኮድ በዋናነት የሚለየው ከ21 በኋላ በሚመጣው ቁጥር ነው። የብስኩቱ ቁጥር በሚሊዮን እሽጎች ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የመድኃኒቱ ግን እያንዳንዱን ካርቶን ለየብቻ ይጠራል። አንዷ ካርቶን ደሴ ከተሸጠች በኋላ ያው ቁጥር ሐይቅ ላይ ቢገኝ፣ መዝገቡ በአግባቡ ከተያዘ፣ አንደኛዋ ቅጂ መሆኗ ይታወቃል።

ባለሱቋ፦ «መዝገቡ በአግባቡ ከተያዘ» አሉ። ሁሉም ነገር መዝገቡ ዘንድ ከሆነና መዝገቡ ደግሞ እኔ ዘንድ ከሌለ፣ መልሼ ባዶ እጄን ነኝ።

መምህሩ፦ ትክክለኛው ቅሬታ ይህ ነው፤ በከፊል ግን መልስ አለው። ጂ ኤስ ዋን ማንም ሰው በኢንተርኔት ቁጥር አስገብቶ ለየትኛው ድርጅት እንደተሰጠ የሚያይበት መፈለጊያ አለው፤ በስልክሽ ይሠራል። የዘይት ካርቶን ላይ ያለውን 13 አሐዝ አስገብተሽ የሚወጣው የድርጅት ስም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አምራች ወይም የምርት ስም ባለቤት ጋር ካልተገናኘ አከፋፋዩን የምትጠይቂው ጥያቄ አገኘሽ ማለት ነው። ከተገናኘ ደግሞ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል ገና አልጨረስሽም። ለሳሙናና ለዘይት የየብቻ ቁጥር የሚሰጥ የለምና እዚያ ላይ ባርኮዱ ያበቃል።

ባለሱቋ፦ ከዚያ ወዲያስ?

መምህሩ፦ ከዚያ ወዲያ ከጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ ትቀበያለሽ፤ የምርት ዙሩንና የሚያበቃበትን ቀን ካርቶኑ ላይ አይተሽ ከደረሰኙ ጋር ትጽፊዋለሽ። ደንበኛሽ ዕቃው ተበላሽቶ ቢመጣ ከማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ዙር እንደገዛሽው ማሳየት ትችያለሽ። «ይኸው፣ ቱርክ ነው» የሚለውንም ተዪው፤ «የት እንደተሠራ እዚህ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት» በያቸው።

ባለሱቋ፦ ያልተጻፈበትንስ ዕቃ?

መምህሩ፦ እሱን ከአከፋፋዩ አትረከቢ።